ስለ ኳስ ተጫዋቹ ስለ ይድነቃቸው ተሰማ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፤ የእንጦጦ ተራራ ወደ የካ በሚወርድበት ወገን፤ የየካ ሚካኤል ደብር ይገኛል። ከደብሩ በላይ ያለው ተራራ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ ከቋጥኝ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል የሚባለው የጥንት ቤተ ክርስቲያንም በዚያው በኩል ነው። ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ሯጮች በዚያ ዳገት ሽቅብ ይሮጣሉ። ከታች በሜዳው ደግሞ ልጆች በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሠሩትን ኳስ ሲራገጡ ይውላሉ።

በልጆች ጨዋታ መካከል ብዙ ጊዜ ጠብ ይነሣል። ጠቡም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግብ አይደለም፤ ማን ይግባ ማንስ ይቅር በማለት ነው። «ይህኛው ከእኛ ሰፈር አይደለም፤ ያኛው ልብሱ የተቀደደ ነው፤ እነዚህ ለብቻቸው ይጫወቱ» ይባላል። ኳሱ የራሱ የሆነ ልጅም በኳሱ ምክንያት በሰዎቹ ላይ ሁሉ ሊያዝዝ ይወዳል። የሰፈር ጠብ ከሆነ ማታ እናት ስትጠራ ያልቃል። ይህ ዓይነት ጠብ በመንግሥታት መካከል በተነሣ ጊዜ ግን 40 ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ ጠብ ውስጥ ከቆሙት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

የኳስ ጨዋታ ዓይነቱ ብዙ ነው። በኢትዮጵያ በዕድሜ ከሁሉ የሚቀድመው የገና ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱም ጫፉ የተቈለመመ በትር ይይዛል፤ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመታ ወደ ባላጋራው ወሰን ለማድረስ ይታገላል። በዚያ ቀን ጌታ በአሽከሩ አይቈጣም ይባላል። ስለዚህ ባላባት ከአሽከሩ ጋራ እየተጋፋ፤ በትር ቍርጭምጭሚቱን ቢያገኘው እንኳ፤ ቂም መያዝ ነውር ነበረ። ይህ ልማድ ወደ ኋላ ለሚነገረው ነገር ይጠቅማልና ልብ ሊባል ይገባል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ራግቢ የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፤ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት፤ ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ተማሪ በእግር ኳስ ጨዋታ መካከል ኳሱን በእጁ አንሥቶ ሮጠ ይባላል። ነገሩ ተረት ሳይሆን አይቀርም፤ ጨዋታው ግን በዚያው ትምህርት ቤት ስም ራግቢ ተብሎ ቀረ። የራግቢ ኳስ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 15 ሰዎች ይሰለፋሉ። ተጫዋቹ ኳሱን በጉያው ይዞ ወደ ፊት መሮጥ ይችላል፤ ለጓደኛው በእጁ ሊወረውርለት የሚችለው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ባላጋራው ወገቡን ወይም እግሩን ይዞ ይጥለዋል። ኳሱን ከሜዳው ጫፍ ካለው መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ሰው ለወገኑ ነጥብ ያገኛል። አንዳንድ ጊዜም ከየወገኑ 8 ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፤ እንደሚዋጉ በሬዎች ይገፋፋሉ። ለአገሩ ለተሰለፈ ተጫዋች ስለ ክብሩ ትንሽ ቆብ መስጠት የእንግሊዞች ልማድ ነበረ፤ ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው ለአገሩ የተጫወተበት ጊዜ ዛሬም በቆብ ይቈጠራል።

ራግቢን በኢትዮጵያ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም በዚሁ ጨዋታ ምክንያት የኢትዮጵያ ሯጮች ከዓለም ታላቅ ውድድር ሳይሮጡ የቀሩበት ዘመን ነበረ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስተዋል አስቀድሞ የአቶ ይድነቃቸውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። የተወለዱበትም ቀን የእንቍጣጣሽ ዕለት፤ መስከረም 1 ቀን ነበረ። (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በቀልዳቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው ስለ አውቶሞቢል ሥራ ተምረዋል፤ በዚያም ሳሉ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። በሸክላ ከተሰሙት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። ልጁ ግን በዜማ ሳይሆን በኳስ ስም አወጣ።

ይድነቃቸው የተማሩት በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተከፈተ ሲሆን የአውሮጳ ቋንቋና የአውሮጳ ጨዋታ ለተማሪዎቹ አብረው የሚሰጡበት ስፍራ ነበረ። በዚያ ዘመን በከተማይቱ እግር ኳስ የሚጫወቱት ይበልጡን የውጭ አገር ሰዎች፤ አርመኖች፤ ግሪኮች፤ ኢጣልያኖችና እነዚህን የመሳሰሉ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች በአራዳ ሰፈር አንድ ቡድን አቋቋሙ፤ በአራዳ ጊዮርጊስም ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው ጠሩት። ይድነቃቸውም ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ከዚህ ቡድን ጋራ ተሰለፉ፤ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስም ከዚያው ቡድን አልተለዩም።

በእነዚህ 23 ዓመታት ውስጥ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱት ጨዋታ 365 ነው፤ ያገቡት ግብም 318 ነው። የሒሳብ ተማሪ ቢያካፍለው በ8 ጨዋታ 7 ያህል ግብ ማለት እንደ ሆነ ያገኘዋል። በሁለት ቀን ጨዋታ አንድ ግብ ያገባ ተጫዋች እንኳ እንደ ጀግና ይቈጠራል። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ደግሞ 15 ጊዜ ተሰልፈው 3 ግብ አግብተዋል፤ እንደ እንግሊዞቹ ልማድ ቢሆን 15 ቆብ በተሰጣቸው ነበር።

ዳሩ ግን ቡድኑ በተቋቋመ በጥቂት ወራት ውስጥ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፤ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጠላት በአገሩ በቈየበት 5 ዓመት ሰዎችን በቀለም የሚለይ ሕግ አወጣ። ነጩና ጥቁሩ በአንድ ሰፈር እንዳይኖር፤ በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጥ ተከለከለ። በኳስ ሜዳም ኢትዮጵያውያን ከኢጣልያኖች ተለይተው ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። ይድነቃቸው በዚያ ጊዜ ከ14 እስከ 19 ዓመት የነበሩ ብላቴና ናቸው። በአንድ ከተማ ውስጥ፤ በገዛ አገሩ፤ «አንተ በዚህ ሜዳ ከእነዚህ ጋራ አትጫወትም» የተባለ ልጅ ነገሩን ቶሎ አይረሳውም። ከ20 ዓመት በኋላ በካርቱም የተደረገውን የሚያነብ ሰው ይህን ዘመን ማስታወስ አለበት።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ኳስ በአዲስ አበባ እንደ አዲስ ተጀመረ። በ1936 ዓ.ም. በከተማይቱ ውስጥ የቡድኖች ውድድር ተደርጎ የመጀመሪያውን ዋንጫ የእንግሊዝ የጦር ልዑካን ቡድን ወሰደ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን የሆነው በ1942 ዓ.ም. ነው። ይድነቃቸው በሜዳ ላይ ብቻ የሚታዩ ሰው አልነበሩም። ኳስ እንዲጫወቱ ሰዎችን መሰብሰብ፤ ማኅበር ማቋቋም፤ ደንብ መጻፍ፤ ዳኛ ማሰናዳት፤ ይህን ሁሉ በዚያ ዘመን ሊሠራ የሚወድ ሰው ጥቂት ነበረና ሥራው በእርሳቸውና በጓደኞቻቸው ላይ ወደቀ። ይህ ዓይነት ሥራ ጭብጨባ የለውም። ግብ ያገባ ሰው በትከሻ ይነሣል፤ ደንቡን የጻፈ ሰው ግን ማንም አያየውም።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ተመሠረተ። በዚያን ጊዜ ነፃ የሆኑት የአፍሪካ አገሮች ጥቂት ነበሩ፤ መሥራቾቹም ግብፅ፤ ሱዳን፤ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ናቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው በካርቱም በ4 አገሮች መካከል እንዲሆን ተቈረጠ።

ነገሩ የተበላሸው በዚህ ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ በዚያ ዘመን አፓርታይድ የሚባል ሕግ ነበረ። በዚህም ሕግ ጥቂት ነጮች ብዙውን ጥቁር ሕዝብ ይገዙ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ፤ ሐኪም ቤቱ፤ ባቡሩ፤ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር እንኳ ሳይቀር በቀለም የተከፈለ ነበረ። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች «ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንልካለን፤ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን እንልካለን፤ የተቀላቀለ ግን አይሆንም» አሉ። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ቀረች።

አንድ ተማሪ «ጥቁሮቹ ብቻ ቢመጡ ምን ነበረበት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። ጥቁሮቹ ብቻ ቢመጡ ኖሮ ለሦስቱ አገሮች ጨዋታው በሞላላቸው ነበር፤ ሰውን የመለየቱ ሕግ ግን ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በካርቱም ሜዳ ላይ ተቀባይነት ባገኘ ነበር። የሦስቱ አገሮች አሳብ «ነጩን አንፈልግም» የሚል አልነበረም፤ «መለየቱን አንፈልግም» የሚል ነበረ። በሁለቱ አሳቦች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ ባላጋራዋ ስለ ቀረ ያለ ጨዋታ ወደ መጨረሻው ግጥሚያ አለፈች። በዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አንድ ሰው ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ እንደ ገና በግብፅ 4 ለ 0፤ በሱዳንም 1 ለ 0 ተሸነፈች። ይህን ማንም ሊደብቀው አይገባም። ቡድኑ ገና ደካማ ነበረ።

ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር ተደረገ። አቶ ይድነቃቸው ከተጫዋችነት ወጥተው የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ ሆነው ነበር። ወደ አዲስ አበባ የመጡት ቡድኖች ግብፅ (በዚያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር)፤ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ናቸው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ከቀድሞዋ ድል አድራጊ ከግብፅ ጋራ ተገናኘች።

የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ ደብሩ የሚመለሰው ጥር 12 ቀን፤ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ጨዋታው የተደረገው በማግሥቱ ጥር 13 ቀን፤ እሑድ ዕለት ነበረ። ግብፆች አስቀድመው አገቡ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ወዲያው በ75ኛው ደቂቃ ግብፆች ሁለተኛውን ጨመሩ። ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። ስለዚህ 30 ደቂቃ ተጨመረ። በጭማሪው ጊዜ የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ሰጡ።

ሁለቱ የቫሳሎ ወንድማማቾች ከኤርትራ የመጡ፤ አባታቸው ኢጣልያዊ፤ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። ከ20 ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ ኢጣልያዊና ኢትዮጵያዊ በአንድ ቡድን እንዳይሰለፍ የተከለከለ ነበር። አሁን የኢጣልያዊ ልጅ የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ዋንጫ ተቀበለ።

በዚያው ዓመት፤ ከዋንጫው ጥቂት ሳምንት በኋላ፤ ከደቡብ አፍሪካ በስውር የወጣ አንድ ሰው ለነፃነት ማኅበሮች ጉባኤ አዲስ አበባ ገባ። ከጥቂት ወራት በኋላም ተመልሶ በኮልፌ የጦር ትምህርት ተማረ። ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ተያዘ፤ 27 ዓመትም ታሰረ።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከዚያ በፊትም ስለ አፍሪካ ብዙ ተሟግተዋል። ከዚህ አንዱ የዓለም ዋንጫ ነገር ነው። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለተደረገው ዋንጫ ከ16ቱ ስፍራዎች ለአፍሪካ ብቻዋን የተሰጠ አንድም አልነበረም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋራ ተጋጥሞ ነበር አንዱን ስፍራ የሚያገኘው። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ሁሉ ከውድድሩ ወጡ። በሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ፤ በ1962 ዓ.ም.፤ ለአፍሪካ አንድ ስፍራ ተሰጣት፤ ሞሮኮም በዚያ ስፍራ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። እምቢ ማለት ዋጋ ያስከፍላል፤ በ1958 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ የሚበቃ ዕድሜ የነበራቸው ብዙ አፍሪካውያን ተጫዋቾች ሌላ ዕድል ሳያገኙ አርጅተዋል።

የራግቢው ነገር የሚመጣው በዚህ ነው። የደቡብ አፍሪካ ነጮች ከጨዋታ ሁሉ አብልጠው የሚወድዱት ራግቢን ነበረ። በራግቢ የሚስተካከላቸው ደግሞ የኒው ዚላንድ ቡድን ነው፤ ልብሱ ሁሉ ጥቁር ስለ ሆነ ኦል ብላክስ፤ ማለት ጥቁር ለባሾች፤ ይባላል። ኒው ዚላንድ ከነጮች አስቀድሞ ማኦሪ የሚባል ሕዝብ የሰፈረባት የደሴት አገር ናት። ከማኦሪዎች ወገን ጆርጅ ኔፒያ የሚባል ጐበዝ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ገና 19 ዓመቱ ሳለ ከኦል ብላክስ ጋራ ወደ እንግሊዝና ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ቡድኑ 32 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ሳይሸነፍ ተመለሰ፤ ኔፒያም በ32ቱም ላይ ተሰልፎ ነበር። እንዲህ ያለ ተጫዋች ቢሆንም በ1920 ዓ.ም. ቡድኑ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ እርሱን አስቀርተውት ሄዱ። ጥፋቱ ማኦሪ መሆኑ ብቻ ነበረ። እግሩም እጁም ያው የቀድሞው ነው፤ ያነሰበት ነገር የለም። ከዚያ በኋላም በ1941ና በ1952 ዓ.ም. የኒው ዚላንድ ቡድን ማኦሪዎችን ትቶ ወደዚያች አገር ሄዷል። እንግዲህ የአገር ሰው የባለቤቱን ደስታ ለመጠበቅ ሲል የራሱን ወንድም በደጅ ትቶ ግብር የሚገባ መሆኑ ነው።

ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በሶዌቶ ከተማ የትምህርት ቤት ልጆች ሰልፍ ወጡ። የወጡትም አፍሪካንስ በሚባለው በገዢዎቹ ቋንቋ እንዲማሩ ስለ ታዘዙ ነው። ፖሊሶች ተኰሱባቸው፤ ብዙ ልጆችም ሞቱ። ከሞቱት ዕድሜያቸው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካሉ ልጆች የማይበልጥ ነበሩባቸው። የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን በዚያው ወር ጕዞውን ሳያቋርጥ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወት ጀመረ።

በሐምሌ ወር ደግሞ በካናዳ በሞንትሪያል የኦሊምፒክ ጨዋታ ሊከፈት ነበር። የአፍሪካ አገሮች «ኒው ዚላንድ ከውድድሩ ትውጣ» ብለው ጠየቁ። የኦሊምፒክ ባለሥልጣኖች ግን «ራግቢ የኦሊምፒክ ጨዋታ አይደለም፤ ስለዚህ አያገባንም» ብለው መለሱ። መልሱ በደንብ መጽሐፍ ሲታይ እውነት ነበረ፤ በሶዌቶ ለሞቱት ልጆች ግን የሚሆን መልስ አልነበረም። ከ20 የሚበልጡ አገሮች፤ ይበልጡን የአፍሪካ አገሮች፤ ሳይወዳደሩ ቀሩ። ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋራ ነበረች።

ያ ዋጋ የተከፈለው በቃል አይደለም። ምሩፅ ይፍጠር የተባለው ሯጭ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10000 ሜትር ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ አግኝቶ ነበር። በሞንትሪያል ወርቅ ያገኛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። 4 ዓመት ሙሉ ዳገት ወጥቶ ወርዶ፤ ማለዳ ተነሥቶ፤ የተሰናዳ ሰው፤ ዓይቶት በማያውቀው የራግቢ ጨዋታ ምክንያት ሳይሮጥ ቀረ። የሯጭ ዕድሜ እንደ ገበሬ ዕድሜ አይደለም፤ ዘንድሮ ያልዘራውን ለከርሞ አይዘራውም። ምሩፅ ግን ጠበቀ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ10000 ሜትርና በ5000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ፤ መጨረሻው ዙር ላይ በድንገት ስለሚፈጥንም ማርሽ ቀያሪው ተባለ። ሌሎች ግን እንደ እርሱ ሁለተኛ ዕድል ያላገኙ አሉ። ስማቸውን የሚያነሣ ሰው የለም፤ ቢሆንም ዋጋውን ከከፈሉት ውስጥ ይቈጠራሉ።

በዚያው ሰሞን፤ በዚያችው በሞንትሪያል፤ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። አቶ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው በካርቱም የጀመሩት ነገር እዚህ የደረሰው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ የአውሮጳ ባለሥልጣኖች አንድ ጊዜ ሲያግዱ፤ አንድ ጊዜ እገዳውን ሲያነሡ፤ «ፖለቲካና ጨዋታ አይቀላቀሉም» ሲሉ ኖረዋል። ጨዋታውን ከሁሉ አስቀድሞ ከፖለቲካ ጋራ የቀላቀለው ግን ሰውን በቀለም የለየው ሕግ ነበረ።

አቶ ይድነቃቸው በሌላም ነገር ጠንካራ ነበሩ። በሕይወታቸው መጨረሻ ዓመታት የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ገንዘብ ፍለጋ ወደ አውሮጳ መፍለሳቸውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ እንዲህ ከሆነ አፍሪካ ተጫዋች የምታበቅል እንጂ የምትጫወት አትሆንም ብለው ይሠጉ ነበር። በዚህ ነገር ላይ አሳባቸውን ያልተቀበሉ ብዙ ናቸው። የድኻ እናት ልጅ በእግሩ እንጀራ ማግኘት ሲችል «አትሂድ» ማለት ከባድ ነው። ጊዜውም በእርሳቸው ወገን አልሄደም፤ ዛሬ የአፍሪካ ታላላቅ ተጫዋቾች አብዛኞቹ በአውሮጳ ይጫወታሉ። በካርቱም የያዙት አቋም አሸነፈ፤ ይህኛው ግን ተሸነፈ። የአንድ ሰው አሳብ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕድል አያገኝም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፤ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ ቡሄ በሉ በሚሉበት ቀን፤ አቶ ይድነቃቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንትነታቸውን እስከ ሞታቸው ድረስ አልለቀቁም ነበር። በዚያን ቀን ማንዴላ ገና በእስር ቤት ነበሩ፤ አፓርታይድም አልወደቀም ነበር።

ማንዴላ ከእስር የወጡት በ1982 ዓ.ም. ነው። በ1984 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም እግር ኳስ ተመለሰች። በ1987 ዓ.ም. የራግቢ የዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ ተደረገ፤ ማንዴላም ፕሬዚዳንት ሆነው የነጮቹ መኵሪያ የነበረውን የራግቢ ቡድን አረንጓዴ ሹራብ ለብሰው ወደ ሜዳ ገቡ። የደቡብ አፍሪካ ባላጋራ ያው የኒው ዚላንድ ቡድን ነበረ፤ በጭማሪ ጊዜም 15 ለ 12 ተሸነፈ። በዚያ ቀን ከተሰለፉት 15 የደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች ነጭ ያልሆነው ቼስተር ዊልያምስ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፤ በ1988 ዓ.ም.፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ በዚያችው አገር ሆነ። በ1949 ዓ.ም. የተቀላቀለ ቡድን አልልክም ብላ የቀረችው አገር አሁን ጥቁርም ነጭም ያሉበትን ቡድን አሰለፈች፤ ቱኒዚያንም 2 ለ 0 አሸነፈች። ማንዴላ ዋንጫውን በእጃቸው ለአምበሉ ሰጡ። አምበሉ ኒል ቶቪ የሚባል ነጭ ሰው ነበር፤ ጥቁሮቹ ጓደኞቹም ከበውት ዋንጫውን አብረው ወደ ላይ አነሡት።